ከጓዳ እስከ በረት፦ ቅመምና ቅጠል ከብት ያከሙበት ታሪክ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአንድ ቤት ኑሮ የሚለካው በበረቱ ነው። በሬው ከታመመ ማሳው ጦም ያድራል፤ ላሟ ወተት ከነሳች ቅቤ ገበያ አይወጣም፤ የአህያዋ ጀርባ ከተላጠ ሸክሙ ወደ ሴቷ ጀርባ ይዞራል። ዶሮዎቹ በአንድ ሳምንት ካለቁ ደግሞ እማወራዋ ማንንም ሳትጠይቅ የምታዝበት የእንቁላል ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የከብት ጤና የወንዶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የምንኖር የማኅበሩ አባላት ለዚህ ዕትም ስለ አንድ የቆየ እውቀት ለመጻፍ የተነሳነው በዚህ ምክንያት ነው። በወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሳይኖር፣ መርፌና ኪኒን ሳይታወቅ በፊት፣ ከብት ሲታመም የሚሮጠው ወደ ጓዳ ነበር። ጓዳው ደግሞ በእናቶቻችን እጅ ነበር። ይህ እውቀት ብዙ ጊዜ ወይ ይናቃል፣ ወይ ከልኩ በላይ ይወደሳል። እኛ ሁለቱንም አንፈልግም። ታሪኩ የሚያሳየን ጓዳው የቻለውንም ያቃተውንም ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ወይ እውቀቱን ይጥላል፣ ወይ ከብቱን ይቀብራል።

ጓዳው ምን ነበረው?

በጓዳ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ኑግና ጨው አይጠፉም። በጓሮ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ግራዋና ሬት አሉ። በአጥር ጥግና በወንዝ ዳር ደግሞ እንዶድ፣ ብሳናና ሰንሰል ይበቅላሉ። የወጥ ቅመም የሚወቀጥበት ሙቀጫ የበሬ መድኃኒትም ይወቀጥበታል። ለሰው ሆድ ቁርጠት የተዘጋጀው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም መጠኑ ተጨምሮ ለላሟም ይሰጣል።

አለቅትን እንውሰድ። በበጋ ወንዙ ሲጎድል፣ ኩሬው ሲያንስ፣ ከብቱ ከውሃው ጋር አለቅት ይጠጣል። አለቅቱ በአፍንጫና በጉሮሮ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ከብቱም ይከሳል፣ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል። እናቶቻችን ደረቅ የትምባሆ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው በአፍንጫው ጠብ ያደርጉለታል። አለቅቱም ለቆ ይወድቃል። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ለትላትልና ለነፍሳት መርዝ ነውና አሠራሩ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያው ኒኮቲን ሲበዛ ከብቱንም ይገድላል፤ በተለይ ጥጃን። «በጥቂቱ ነው» የሚለው የእናቶች ማስጠንቀቂያ ባዶ ወግ አልነበረም።

ሆድ መነፋትም እንዲሁ ነው። ከብት እርጥብ ለምለም ነገር፣ በተለይ እንደ ማገጥ ያለውን በባዶ ሆዱ ሲበላ ሆዱ በአረፋ ይሞላል፤ በግራ ጎኑ ይነፋና መተንፈስ ይሳነዋል። ከጓዳ የሚወጣው የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ነው፤ አንዳንዴም የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይታከልበታል። ዘይት አረፋውን ይሰብራል፤ ታፍኖ የነበረው አየርም በግሳት ይወጣል። የእንስሳት ሐኪሞችም ለእንዲህ ያለው የአረፋ መነፋት ዘይት ያጠጣሉ።

ቀንበር የላጠው የበሬ ጫንቃና ጭነት ያቆሰለው የአህያ ጀርባ በጨው ውሃ ታጥቦ ቅቤ ይቀባል፤ ወይም የብሳና ፈሳሽ ወይም የሬት ውሃ ጠብ ይደረግበታል። መዥገር በእጅ ይለቀማል፤ አልለቅ ካለ የቁልቋል ወተት ይነካዋል። የወተት ቅሉና መናጫው በጥንጁትና በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ መዓዛ ከመስጠቱ ሌላ ወተቱን የሚያበላሹ ተህዋስያንን ይቀንሳል። ላም ወልዳ ስትደክም የተልባና የአብሽ ጥሬ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ትጠጣለች። የጠላ አተላውም ለእሷ ይደርሳል።

ከመድኃኒቱ በፊት ደግሞ ጥንቃቄው ይመጣል። «ጤዛ ሳይረግፍ ከብት አይሰማራም» የሚለውን ያልሰማ እረኛ በእኛ አገር የለም። ዛሬ የሆድ ትላትል እጮች በጤዛ እርጥብ በሆነው ሣር ላይ ወጥተው እንደሚጠብቁ ስናውቅ፣ ያቺ አጭር ምክር ስንት ጥጃ እንዳዳነች መገመት አያቅትም።

ከሩቅ አገር የመጣው «የአባት መድኃኒት»

ብዙዎቻችን እነዚህ መድኃኒቶች ከጥንት ከጠዋቱ ሳይለወጡ የመጡ ይመስሉናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። አሁን በአለቅት ላይ የምንተማመንበት ትምባሆ በአገራችን ድሮ አልነበረም። በርበሬም አልነበረም። ሁለቱም የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገሩት ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናንና ወንበርማ በበርበሬ የታወቁ ናቸው፤ የመስከረምና የጥቅምት ማሳ ያለ በርበሬ አይታሰብም። ከመልመዱ የተነሳ እንግዳነቱ ተረስቷል።

ኮረሪማም የመጣው ከደቡብና ከምዕራብ ጫካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚሻገር ቡናና ኮረሪማ የሚራገፍበት ትልቅ ገበያ ነበር። ዛሬም ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ሁለቱን አገሮች ያገናኛል። ቅመም በነጋዴ ጀርባ ተጉዞ ጓዳ ይገባል፤ ከጓዳ ወደ በረት ያደረሱት ግን ሴቶች ናቸው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አያቶቻችን የወረሱትን ብቻ የሚደግሙ አልነበሩም። አዲስ ቅጠል ሲመጣ አሽትተው፣ ቀምሰው፣ በትንሹ ሞክረው፣ የጠቀመውን ይዘው የጎዳውን ጥለዋል። ስለዚህ ዛሬ አንዲት አባላችን ለዶሮዎቿ ክትባት ስታስከትብ የአያቷን መንገድ አልተወችም። አያቷም ብትኖር የጠቀማትን አዲስ ነገር ትይዝ ነበር።

ጓዳው ያቃተው፦ ክፉ ቀን

ይህ እውቀት የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳየው ከሁሉ የከፋው ዘመን ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለጣልያን ጦር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች አማካይነት የከብት ቸነፈር ወደ አገራችን ገባ። ሕዝቡ በኋላ የደስታ በሽታ ያለው ይኸው ነው። በሽታው በዚህ አገር ቀድሞ ያልታየ ስለነበር ከብቱ የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። ከትግራይ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። በብዙ ቦታ ከ10 ከብት 9ኙ እንደሞተ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

በጎጃም መከራው በመከራ ላይ ነበር። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን አገሩ በ1880 ዓ.ም. በሳር ውሃ በደርቡሽ ጦር ተሸንፎ፣ በማግሥቱም በአፄ ዮሐንስ ዘመቻ ተዘርፎ ደክሞ ነበር። በዚያ ላይ በሬው አለቀ። ድርቁ፣ አንበጣውና አባጨጓሬው ተጨመሩ። ዝናብ ሲመጣ እንኳ የሚያርስ በሬ አልተገኘም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ይነገራል። ረሃቡ እስከ 1885 ዓ.ም. ዘለቀ። በአገሪቱ ከነበረው ሕዝብ እስከ ሲሶ የሚደርሰው ሳያልቅ አልቀረም የሚሉ አሉ።

በዚያ ዘመን እናቶች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም ብለን እናምናለን። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ጤና አዳሙም፣ ጢሱም ተሞክሮ ይሆናል። ግን የከብት ቸነፈር ቫይረስ ነው፤ የትኛውም ቅጠል አያቆመውም። ያቆመው ክትባት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተሠራው ክትባት ተነስቶ ለአሠርት ዓመታት በተካሄደ ዘመቻ በሽታው ከምድረ ገጽ ጠፋ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ይህን ያወጁት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

በዚህ ድል ውስጥ ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለ። በ1980ዎቹ ማለቂያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በሽታው ከቀረባቸው የመጨረሻ ምሽጎች አንዱ የአፋር ቆላ ነበር። መኪና በማይገባበት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት በዚያ ሙቀት፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ተይዞ ሥራውን የሠሩት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በሽታውን በስሙ የሚጠሩት፣ ምልክቱን ከሩቅ የሚለዩት፣ የትኛው መንጋ የት እንደሚሄድ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ክትባቱ ብቻውን አልበቃም፤ የአካባቢው እውቀትም ብቻውን አልበቃም። ያሸነፉት ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

የአካባቢ እውቀት ሲጎድል ምን እንደሚሆን የራሳችን መንገድ ይመሰክራል። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነስተው ከኮሎኔል ዊንጌት ጦርና ከአርበኞች ጋር በበላያ፣ በቡሬና ያኔ ወጀት ይባል በነበረው በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ፣ ስንቅና ጥይት የተጫነው በሺህ በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ላይ ነበር። ግመል የበረሃ እንስሳ ነው። ገደሉ፣ ብርዱ፣ ያልለመደው ግጦሽና ከልክ ያለፈው ጭነት ፈጀው፤ አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። እንስሳን በአገሩ፣ በወቅቱና በልኩ መያዝ ከመድኃኒት ሁሉ ይቀድማል።

ምሁራን ከወንዝ ዳር የተማሩት

የጓዳና የጓሮ እውቀት ለሳይንስ መነሻ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በአድዋ የብልሃርዝያ በሽታን ሲያጠና፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አየ። እናቶች ለስንት ዘመን በሳሙና ፋንታ ሲጠቀሙበት የኖሩት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ነገሩ የከብትም ነው። በረግረግ ዳር የሚግጠውን ከብት የሚያከሳው፣ በአገጩ ሥር የሚያሳብጠው የጉበት ትልም የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ አማካይነት ነውና።

ግራዋም የራሷ ታሪክ አላት። በእኛ ቤት የጠላ ጋን ታጥባለች፤ ተቀጥቅጣም ሆዱን ላመመው ጥጃ ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማይክል ሃፍማን የተባለ ተመራማሪ በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ይህንኑ መራራ ተክል ልጣ ስታኝክ አየ። ተክሉ መድኃኒት እንደሆነ የነገረው አብሮት ይሠራ የነበረ ሞሐመዲ ሰይፉ የተባለ የአገሬው ሰው ነው፤ ጥናቱም በሁለቱም ስም ታተመ። ይህን የምናነሳው ስለ ቺምፓንዚዋ ብቻ ብለን አይደለም። የሚያውቀው ሰው ስሙ በጥናቱ ላይ መስፈሩን ልብ እንድትሉልን ነው።

እዚሁ በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ምሁራን ዘመደ አስፋውና እንሰርሙ ቀልቤሳ የተሳተፉበት ሥራ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ሕዝቡ ነፍሳትን ለመግደልና ለማባረር እንዲሁም ለወባ የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት መዝግቧል። ያንን መረጃ የሰጡት እንደ እኛ ያሉ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው።

የምስጢር ዋጋ

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ለምን እየጠፋ ሄደ? አንዱ ምክንያት ምስጢር ነው። በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን በስሙ አይጠራም፤ ከተነገረ «ይረክሳል»፣ ኃይሉን ያጣል ይባላል። አባት ለአንድ ልጁ ብቻ፣ ያውም በሞቱ ዋዜማ ይነግራል። ሳይናገር ከሞተ እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ደብተሮች የጻፏቸው የብራና መጽሐፈ መድኃኒቶች አሉ፤ እንደ ስቴፋን ስትሬልሲን ያሉ ምሁራንም አጥንተዋቸዋል። ነገር ግን ብራና የያዙት የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። የጓዳው እውቀት ምስጢርም ሳይሆን፣ ተራ ነገር ነው ተብሎ ሳይጻፍ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ቅጠሉ ራሱ መራቁ ነው። ወንዝ ዳሩ ታርሷል፤ አጥሩ ባሕር ዛፍ ሆኗል። እንዶድና ኮሶ ለማግኘት ድሮ ደጅ መውጣት ይበቃ ነበር፤ አሁን ሩቅ ይኬዳል። ሦስተኛው ደግሞ ትምህርት ቤት የዋለች ልጅ ከአያቷ ጋር በረት የምትውልበት ጊዜ ማነሱ ነው። ትማር እንጂ አንልም ማለት አይደለም፤ ትማር! ግን የተማረች እጅ የአያቷን እውቀት መጻፍም ትችላለች።

መጻፍ ዘረፋን ያመጣል ብለው የሚሰጉ አሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው። ለዚህም ነው አገራችን በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምንና የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ያወጣችው። እውቀቱ የማኅበረሰቡ መሆኑን፣ የሚጠቀምበትም ፈቃድ ማግኘትና ጥቅም ማካፈል እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። ተመዝግቦ በእጃችን ያለ እውቀት የእኛ መሆኑን ለማሳየት ይቀላል።

ከእንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ወሰኑን እንወቅ። ፈንግል ዶሮዎቻችንን ሲፈጅ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ በርበሬና አረቄ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ፈንግል ግን ቫይረስ ነው፤ ከገባ በኋላ የሚያድን ነገር የለም። አስቀድሞ በዓይን ጠብታ ወይም በሚጠጡት ውሃ የሚሰጥ ክትባት አለ። አባ ሰንጋም እንዲሁ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋ በምንም ቅመም፣ በምንም በርበሬ አይድንም፤ ቆዳው አይገፈፍ፣ ሥጋው አይበላ፣ በጥልቅ ይቀበር፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ድስቱ የሚጣደው በእኛ እጅ ነውና ይህን «አይሆንም» የማለት ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ገንዲ ያከሳው በሬ፣ ጎሮርሳ የያዘው ጊደር፣ የእንግዴ ልጇ አንድ ቀን አልፎት ያልወጣላት ላም ሐኪም ይሻሉ። ቅጠል እየሞከሩ ቀን ማባከን እነሱን ማጣት ነው።

ቀጥሎ የሚጠቅመውን እንያዝ። አለቅት፣ ቀላል ቁስል፣ የወተት ዕቃ ንጽሕና፣ የጤዛ ጥንቃቄ፣ ሐኪም እስኪደርስ የሆድ መነፋት፤ እነዚህ ዛሬም የጓዳው ሥራ ናቸው። እያንዳንዷ አባል በጓሮዋ ጤና አዳም፣ ግራዋና ዳማከሴ ብትተክል፣ በአጥሯም አንድ የእንዶድ ሐረግ ብታኖር ብዙ መሬት አይወስድባትም።

በመጨረሻ እንጻፈው። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዷ አባል ከእናቷ፣ ከአያቷ ወይም ከጎረቤት አሮጊት አንድ የከብት መድኃኒት ጠይቃ ትምጣ። የቅጠሉ ስም ምንድን ነው? ለየትኛው በሽታ? ስንት እፍኝ፣ በስንት ጣሳ ውሃ? ለጥጃና ለነፍሰ ጡር ላም ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ሳይሠራ የቀረውስ መቼ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሱ፤ ብዙ ጊዜ የማይነገረው እሱ ነውና። ማንበብና መጻፍ የምትችል ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ትምጣና ትጻፍልን። የእናቲቱም ስም፣ ከፈቀደች፣ ከመድኃኒቱ ጎን ይስፈር። የተሰበሰበውን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳይተን፣ ጎጂውን ከጠቃሚው ለይተን በማኅበሩ መዝገብ እናኖረዋለን።

ደጋፊዎቻችንም በዚህ ሥራ አብራችሁን እንድትቆሙ እንጠይቃለን። ክትባቱ ሳይበላሽ ቀበሌያችን እንዲደርስ የሚያስችል ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ ከመካከላችን ክትባት መስጠት የሚማሩ ሴቶች የሚሠለጥኑበት መንገድ፣ ለመዝገቡም ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልገናል። ቅመሙና ቅጠሉ ከእኛ አለ።